የሻወር ቤት አየር መሳቢያ ፋን ሲቀየር፦ ቱቦውን ለክቶ ፋኑን መምረጥ

«ፋኑ አዲስ ነው፣ በደንብ ይዞራል፣ መስታወቱ ግን አሁንም በእንፋሎት ይሸፈናል፤ ኮርኒሱም ይሻግታል። የትኛውን ልግዛ?» ከአዳማ ደጋግሞ የሚደርሰን ጥያቄ ይህ ነው። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ አሮጌውን ፋን ፈትቶ፣ ሱቅ ወስዶ «እንዲህ ያለ ስጡኝ» ብሎ በቀዳዳው ስፋት ብቻ የገዛ ሰው ነው። ፋኑ ግድግዳ በስቶ በቀጥታ ወደ ውጭ የሚተነፍስ ቢሆን ይህ በቂ ነበር። ከጀርባው 4 ወይም 5 ሜትር ቱቦ ካለ ግን ምርጫው በቀዳዳው ሳይሆን በቱቦው ይወሰናል።

ይህ መመሪያ ከኮርኒስ በላይ ወይም በግድግዳ ውስጥ በሚሄድ ቱቦ አየር ለሚያስወጣ ሻወር ቤት ነው። ከደረጃ 1 እስከ 4 ያለውን ገንዘብ ሳያወጡ ይጨርሱ። ሱቅ የሚሄዱት ከዚያ በኋላ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለመለካትና ለመምረጥ፦
- ሜትር፣ ወረቀትና እርሳስ፣ ፎቶ የሚያነሳ ስልክ
- ባትሪ እና መሰላል
- ካቻቢቴ፣ ጠፍጣፋውም ባለ መስቀሉም
- የኤሌክትሪክ ቴስተር
- አንድ ጥቅል ሶፍት
- መጠኑ የተጻፈበት 100 ሊትር የቆሻሻ ላስቲክ

ለመግጠም፦
- 110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቱቦ እና ጎሚቶ (የቱቦ ማጠፊያ)፣ የሚቀየር ካለ
- ባለ 1.5 ካሬ ሽቦ፣ የሽቦ ማገናኛ፣ ናስትሮ
- ፊሸርና ብሎን፣ ሲልከን፣ የአሉሚኒየም ፕላስተር
- የሚለጠፍ የስፖንጅ ማሸጊያ፣ ውፍረቱ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር

ከመጀመርዎ በፊት ሦስት ማስጠንቀቂያዎች

የግድግዳውን ማጥፊያ አጥፍቶ ሥራ መጀመር አይበቃም። በብዙ ቤት ማጥፊያው በፌዙ (ኃይል በሚያመጣው ሽቦ) ፈንታ ኒውትራሉን (መመለሻውን ሽቦ) ይቆርጣል፤ ፋኑ ይቆማል፣ ሽቦው ላይ ግን 220 ቮልት እንዳለ ነው። ብሬከሩን ያውርዱ፣ ቀጥሎ እያንዳንዱን ሽቦ በቴስተር ይፈትሹ። ቴስተሩ ራሱ መሥራቱን አስቀድመው ኃይል ባለው ሶኬት ላይ ያረጋግጡ።

ቤት ውስጥ ጭሱን በቱቦ የሚያስወጣ የጋዝ ውኃ ማሞቂያ ካለ ጠንካራ ፋን ከመግጠምዎ በፊት ባለሙያ ያማክሩ። ፋኑ ቤቱን ሲስብ የማሞቂያውን ጭስ ወደ ውስጥ ሊመልሰው ይችላል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ አይሸትም፣ አይታይምም። ከሻወር ቤቱ በር አጠገብ ከሰል የማቀጣጠል ልማድ ካለም እንዲሁ ይጠንቀቁ፤ ፋኑ ጭሱን ወደ ሻወር ቤቱ ይጎትተዋል።

የኤሌክትሪክ ሥራ ካልለመዱ መለካቱንና መምረጡን ራስዎን ችለው ይጨርሱ፣ ሽቦውን ግን ኤሌክትሪሺያን ያያይዘው።

ደረጃ 1፦ ጥፋቱ የፋኑ መሆኑን ያረጋግጡ

ፋኑን አብርተው አንድ ቅጠል ሶፍት ፊቱ ላይ ያስጠጉ። በሩ ተዘግቶም ተከፍቶም ሶፍቱ ተጣብቆ ከቀረ ፋኑ እየሳበ ነው፤ ችግሩ ምናልባት ቶሎ መጥፋቱ ነው፣ ለዚህም ደረጃ 7 ላይ መፍትሔ አለ። በሩ ክፍት ሲሆን ተጣብቆ ሲዘጋ የሚወድቅ ከሆነ ግን ምንም ፋን ቢገዙ ለውጥ አያገኙም። ክፍሉ አየር የሚያስገባበት ቀዳዳ የለውም። አየር ሳይገባ አየር አይወጣም። መፍትሔው ከበሩ ሥር 1 ሳንቲ ሜትር ክፍተት መተው ነው፤ 75 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላለው በር ይህ 75 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይሆናል፣ ከ110 ቱቦ አፍ ጋር ይቀራረባል። ሻወር ቤቱ ከሴራሚክ የተሠራ ደፍ ካለውና በሩ በደፉ ላይ ተጣብቆ የሚዘጋ ከሆነ በሩ ላይ ዝቅ ብሎ መተንፈሻ ወንፊት ይገጠማል።

ሶፍቱ በሁለቱም ከወደቀ ሽፋኑን ይፍቱና የመዞሪያውን ክንፍ ይመልከቱ። የአዳማ አቧራ ከእንፋሎት ጋር ሲገናኝ ክንፉ ላይ እንደ ጭቃ ይጋገራል፤ ክንፉ ቅርጹን ሲያጣ የሚያወጣው አየር በጣም ይቀንሳል። ኃይል አቋርጠው በደረቅ ብሩሽ፣ ቀጥሎም በእርጥብ ጨርቅ ያጽዱና እንደገና ይሞክሩ። ክንፉን በእጅ ሲያዞሩት እንደ ልብ የማይዞር ወይም ወደ ጎን የሚወዛወዝ ከሆነ ግን ቡሹ፣ ዘንጉ የሚዞርበት ቀለበት፣ አልቋል፤ ዘይት ቢያጠጡት ሳምንታት ይሰነብት ይሆናል እንጂ አይድንም። በቱቦ መሃል የሚገጠም ትልቅ ፋን «እም» እያለ መነሳት ካቃተው ደግሞ ከመጣልዎ በፊት ካፓሲተሩን፣ ብዙዎች ኮንደንሰር የሚሉትን፣ ያስቀይሩ። ይህ ከአዲስ ፋን በብዙ ይረክሳል።

ደረጃ 2፦ ቱቦው የት እንደሚያልቅ በዓይንዎ ይዩ

ይህን ደረጃ አብዛኛው ሰው ይዘለዋል፤ ብዙ ፋን ያለ ጥፋቱ የሚወቀሰውም ለዚህ ነው። ፋኑን ካወጡ በኋላ በባትሪ ወደ ቱቦው ይመልከቱ። ከዚያ ውጭ ወጥተው መውጫውን ይፈልጉ። የሚያጋጥሙት ከእነዚህ አንዱ ነው፦

ሀ. ቱቦው ግድግዳ ወይም ጣሪያ አልፎ ውጭ ይከፈታል። ትክክለኛው ይህ ነው። የወፍ ጎጆ፣ የተርብ ቤት ወይም የግንበኛ ሲሚንቶ አለመኖሩን ብቻ ያረጋግጡ።

ለ. ቱቦው ኮርኒስ ላይ ያልቃል። እንፋሎቱ ከቆርቆሮው ሥር ተከማችቶ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ወደ ውኃ ይለወጥና ኮርኒሱ ላይ ይንጠባጠባል። ቺፕውዱ ይነፋል፣ የጣሪያው እንጨት ይበሰብሳል። ጠንካራ ፋን መግዛት እዚህ ጉዳቱን ያባብሰዋል። መጀመሪያ ቱቦውን እስከ ውጭ ያስቀጥሉ።

ሐ. ቱቦው ከሽንት ቤቱ የፍሳሽ አየር መተንፈሻ ጋር ተቀጥሏል። ሁለቱም 110 ፒቪሲ ስለሆኑ ቧንቧ ሠራተኛው አቋራጭ ሆኖ ይታየዋል። ፋኑ ሲቆም ግን የሴፕቲክ ታንኩ ጋዝ በዚያው መንገድ ወደ ሻወር ቤት ይመለሳል። ይህን ፋን አያስተካክለውም፤ ቱቦው ተለይቶ ለብቻው መውጣት አለበት።

መ. ቱቦው ወደ ጋራ ሻፍት፣ ማለትም ፎቆቹን ሁሉ ወደሚያቋርጠው የአየር መተላለፊያ፣ ይገባል። በኮንዶሚኒየምና ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃዎች የተለመደ ነው። እዚህ አየር የማያስመልስ ክዳን ያለው ፋን ግዴታ ነው፤ አለበለዚያ የታችኛው ቤት ሽታ ወደ እርስዎ፣ የእርስዎም ወደ ላይኛው ይሄዳል። ከመጠን በላይ ጠንካራ ፋንም አይግጠሙ። ሻፍቱን ሲነፋው ክዳን የሌላቸው ጎረቤቶች የእርስዎን እንፋሎት ይቀበላሉ።

ደረጃ 3፦ ክፍሉ ስንት አየር እንደሚፈልግ ያስሉ

ርዝመት × ስፋት × ከፍታ በሜትር ያባዙ፣ ውጤቱን ደግሞ በ8 ያባዙ። የሚያገኙት በአንድ ሰዓት መውጣት ያለበት አየር ነው፣ በሜትር ኩብ። ብዙ ሰው በተከታታይ የሚታጠብበት ቤት ወይም የእንግዳ ማረፊያ ከሆነ በ10 ያባዙ።

ምሳሌ፦ 2.4 × 1.8 × 2.8 = 12 ሜትር ኩብ። 12 × 8 = 96። ስለዚህ በሰዓት 100 ሜትር ኩብ የሚያወጣ እንፈልጋለን። ክፍሉ በጣም ትንሽ ሆኖ ስሌቱ ከ85 በታች ቢሰጥም 85ን ይያዙ፤ የሙቅ ውኃ እንፋሎት በትንሽ ክፍልም ያው ነው።

ደረጃ 4፦ ቱቦው ምን ያህል እንደሚቃወም ይቁጠሩ

ልዩነቱ የሚፈጠረው እዚህ ነውና ጊዜ ይስጡት። አየር በቱቦ ሲያልፍ ከግድግዳው ጋር ይፋተጋል፣ በየጎሚቶው ይጋጫል፣ መውጫው ላይ ያለውን ክዳን ማንሳት አለበት። ፋኑ ይህን ሁሉ ለማሸነፍ የሚገፋበት ኃይል በፓስካል ይለካል። በሰዓት 100 ሜትር ኩብ አየር በ110 ቱቦ ሲያልፍ የሚያጋጥመው ተቃውሞ በግምት እንዲህ ነው፦

- ቀጥ ያለ ፒቪሲ፣ ለእያንዳንዱ ሜትር፦ 2 ፓስካል
- በደንብ ተወጥሮ የተዘረጋ ተጣጣፊ የአሉሚኒየም ቱቦ፣ ለእያንዳንዱ ሜትር፦ 4
- ተጨማዶ የተቀመጠ ተጣጣፊ ቱቦ፣ ለእያንዳንዱ ሜትር፦ 8 እና ከዚያ በላይ
- እያንዳንዱ ባለ 90 ዲግሪ ጎሚቶ፦ 7
- እያንዳንዱ ባለ 45 ዲግሪ ጎሚቶ፦ 3
- ግድግዳ ላይ ያለ ባለ ክዳን መውጫ፦ ከ10 እስከ 15
- የጣሪያ ቆብ፦ 10

ቀደም ያለውን ምሳሌ እንቀጥል። ቱቦው ከኮርኒሱ ይነሳል፣ 4.5 ሜትር ይሄዳል፣ ሁለት ጎሚቶ አለው፣ ግድግዳ ላይ ባለ ክዳን መውጫ አለው። 9 + 14 + 12 = 35 ፓስካል። የምንፈልገው ፋን እንግዲህ 35 ፓስካል እየገፋ 100 ሜትር ኩብ የሚያወጣ ነው። ሱቅ ውስጥ ብዙ ቁጥር የሚሸጠው ባለ 4 ኢንች ተራ ፋን ከፍተኛው ግፊቱ ከ25 እስከ 40 ፓስካል ነው። ያ ማለት 35 ላይ ሲደርስ አየር ማውጣቱን ሊያቆም ጥቂት የቀረው ነው። ይዞራል፣ ድምፅ ያሰማል፣ አየሩ ግን ባለበት ይንከላወሳል።

አየሩ ሲቀንስ ተቃውሞውም በፍጥነት እንደሚቀንስ ልብ ይበሉ፤ 70 ሜትር ኩብ ላይ ተቃውሞው ግማሽ ያህል ነው። አየሩን እጥፍ ማድረግ ከፈለጉ በአንጻሩ ተቃውሞው አራት እጥፍ ይሆናል። «ትልቅ ሞተር ብገጥም ይስተካከላል» የሚለው ሐሳብ በጠባብ ቱቦ ላይ የማይሠራው ለዚህ ነው፤ የሚተርፈው ጩኸት ነው።

አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ይሳሳል፤ በዚህ ምክንያት ፋኑ የሚገፋበት ኃይል ሣጥኑ ላይ ከተጻፈው ይቀንሳል። የቱቦው ተቃውሞም በዚያው መጠን ስለሚቀንስ ግን ስሌቱን መለወጥ አያስፈልግም።

ከመግዛትዎ በፊት ተቃውሞውን መቀነስ ይቻል እንደሆነ ይመልከቱ። አንድ ባለ 90 ጎሚቶ በሁለት ባለ 45 መተካት፣ የተጨማደደ ተጣጣፊ ቱቦን ቆርጦ መወጠር፣ ጥቅጥቅ ያለ የትንኝ ወንፊት ከመውጫው ላይ ማንሳት ዋጋቸው ትንሽ ነው፤ ከ10 እስከ 20 ፓስካል ያድናሉ። ወንፊቱ ወፍ ለመከልከል ከሆነ ቀዳዳው 1 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሽቦ ይበቃል፤ ጥቅጥቁ በአቧራና በክር በአንድ በጋ ይደፈናል።

ደረጃ 5፦ የፋኑን ዓይነት ይምረጡ

ገበያ ላይ የሚያገኟቸው በዋናነት ሦስት ናቸው።

አክሲያል የሚባለው እንደ ቬንትሌተር ክንፉ አየርን ቀጥታ ወደ ኋላ የሚገፋ ነው። ርካሽ ነው፣ ቀጭን ነው። የቆጠሩት ድምር ከ15 ፓስካል በታች ከሆነ፣ ማለትም ቱቦው 1 ሜትር ገደማ ብቻ ከሆነ፣ ይህ ይበቃዎታል።

ሴንትሪፉጋል የሚባለው ውስጡ እንደ ቀንድ አውጣ ጥቅልል ቤት ያለው ነው፤ ክንፎቹ ትንንሽ ሆነው ዙሪያውን ተደርድረዋል። ጥልቀቱ ይበልጣል፣ ግን ይገፋል፤ ደህና የሆነው 100 ፓስካል እና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ከ15 እስከ 40 ላለ ድምርና ኮርኒሱ ወይም ግድግዳው ቦታ ለሚሰጥ ቤት ጥሩ ነው።

ኢንላይን የሚባለው በቱቦው መሃል፣ ከኮርኒስ በላይ ይገጠማል፤ ሻወር ቤቱ ውስጥ የሚታየው ወንፊት ብቻ ነው። ባለ 4 ኢንቹ በነጻ አየር ከ180 እስከ 250 ሜትር ኩብ ያወጣል፣ ግፊቱም ከ100 ፓስካል ያልፋል። ድምፁ ከጆሮ ይርቃል፣ የኤሌክትሪክ አካሉ ከውኃ ይርቃል። ድምሩ ከ40 በላይ ከሆነ ወይም ቱቦው ከ5 ሜትር ካለፈ ይህን ይግዙ። ለምሳሌያችን ቤትም የምንመርጠው እሱን ነው፤ 35 የወጣው ያለ ነፋስ ነውና፣ የነፋሱን ነገር ደረጃ 9 ላይ ያገኙታል።

የኢንላይን ፋን ሁለት ግዴታዎች አሉት። አንደኛ፣ የሚደረስበት ቦታ ላይ ይሁን፤ ኮርኒሱ ላይ የሚከፈት ክዳን ካልተሠራ ለማጽዳት ኮርኒስ መስበር ይመጣል። ሁለተኛ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለው አየር ቀትር ላይ ከውጭው አየር በብዙ ይሞቃል። ፋኑ ላይ የተጻፈውን የሙቀት ወሰን ይመልከቱ፤ 40 ዲግሪ የሚለውን ትተው 50 ወይም 60 የሚለውን ይውሰዱ።

ለመስኮት የተሠራውን ባለ 8 ወይም 10 ኢንች የብረት ፋን አጥብቦ ከ110 ቱቦ ጋር ማገናኘት አይሠራም። ነጻ አየር ላይ ብዙ ቢያወጣም ግፊት የለውም፤ ቱቦ ላይ ሲገባ አየሩን በጎኑ መልሶ ይተፋዋል።

ደረጃ 6፦ ሣጥኑን እንዴት ማንበብ

ትልቁ ቁጥር፣ ለምሳሌ «100 ሜትር ኩብ በሰዓት»፣ ፋኑ ያለ ምንም ቱቦ ሲፈተን ያወጣው ነው። ለእርስዎ የሚጠቅመው ከጎኑ በፓስካል የተጻፈው ወይም በመመሪያው ወረቀት ላይ ያለው ቁልቁል የሚወርድ መስመር ነው። በመስመሩ ላይ የእርስዎን ፓስካል ይፈልጉና እዚያ ላይ ስንት ሜትር ኩብ እንደሚያወጣ ያንብቡ። መስመሩ ከሌለና ከፍተኛው ግፊት ብቻ ከተጻፈ፣ ከቆጠሩት ድምር ቢያንስ እጥፍ የሆነውን ይውሰዱ። ግፊቱ ጨርሶ ካልተጻፈ አክሲያል ነው ብለው ይገምቱ።

አሃዱ የተለየ ከሆነ እንዲህ ይቀይሩ፦ ሲ ኤፍ ኤም (ጫማ ኩብ በደቂቃ) የሚለውን በ1.7 ያባዙ፤ ሊትር በሰከንድ የሚለውን በ3.6 ያባዙ።

ቮልቱ ከ220 እስከ 240፣ ኸርዙ 50 መሆን አለበት። ከውጭ በሻንጣ የመጣ የ110 ቮልት ፋን እዚህ ሲሰካ ወዲያው ይቃጠላል። ስለ ቡሹም ይጠይቁ። ኮርኒስ ላይ ቁልቁል የሚገጠም ፋን ባለ ኳስ ኩሽኔታ ይሁን፤ ተራ ቡሽ ያለው ዘንጉ ቆሞ ሲሠራ ዘይቱ ይሸሽና ቶሎ መንጫጫት ይጀምራል። ድምፁን ሲያወዳድሩ ደግሞ ዴሲቤሉ ከስንት ሜትር ርቀት እንደተለካ ይዩ፤ ከ3 ሜትር የተለካው ከ1 ሜትር ከተለካው ዝቅ ያለ ቁጥር ስለሚሰጥ ብቻ ጸጥተኛ መስሎ ይታያል።

ሱቅ ውስጥ አንድ ፈተና ይጠይቁ። ሻጩ ፋኑን ይሰካው፤ እርስዎ የመውጫውን ሦስት አራተኛ በካርቶን ይሸፍኑት፣ በእጅ ግን አይሁን። አየሩ በፊቱ በኩል ተመልሶ ወደ እርስዎ ከመጣ ያ ፋን ረጅም ቱቦ አይችልም። በቀረችው ክፍተት አጥብቆ መንፋቱን ከቀጠለ ግፊት አለው።

ደረጃ 7፦ ስንት ሽቦ እንደመጣ አይተው መቆጣጠሪያውን ይምረጡ

እንፋሎቱ የሚወጣው ሰው ታጥቦ ከወጣም በኋላ ነው፤ ግድግዳውና ፎጣው እርጥብ ናቸውና። ስለዚህ መብራቱ ከጠፋ በኋላ 15 ወይም 20 ደቂቃ የሚቆይ ታይመር ያለው ፋን ከፍ ያለ ጥቅም አለው። ታይመሩ ግን ሦስት ሽቦ ይፈልጋል፦ ሁልጊዜ ኃይል ያለው ፌዝ፣ ከማብሪያው የሚመጣ ፌዝ፣ እና ኒውትራል። በአሮጌው ፋን ላይ ሁለት ብቻ ካገኙ፣ ሦስተኛውን የሚያስልፉበት መንገድ መኖሩን ሳያረጋግጡ ባለ ታይመሩን አይግዙ። ሁለቱን ፌዝ በአንድነት አሥሮ መግጠም ይቻላል፣ ግን ታይመሩ ትርጉም ያጣል፤ ፋኑ ልክ መብራቱ ሲጠፋ አብሮ ይቆማል። ሽቦ ማሳለፍ ካልተቻለ ለፋኑ የራሱ ማብሪያ ያስገጥሙና ለቤተሰቡ ያስለምዱ።

እርጥበት እየለካ የሚነሳው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከሰኔ እስከ ነሐሴ አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሚሆን ዝቅ አድርገው ካስተካከሉት ቀንና ሌሊት ይሠራል። 70 ወይም 75 በመቶ ላይ ያድርጉት።

መብራት ሄዶ ሲመለስ ቮልቴጁ የሚዘልበት ሰፈር ከሆነ ኤሌክትሮኒክስ ካለው ይልቅ ተራ ሞተር ያለው ይበረታል።

ደረጃ 8፦ ከውኃው ያለውን ርቀት ይለኩ

ፋኑ ከሻወሩ ወይም ከገንዳው በላይ ከ2.25 ሜትር ከፍታ በታች፣ ወይም ከጎኑ በ60 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ከሆነ፣ ቢያንስ አይ ፒ ኤክስ 4 የተጻፈበት ይሁን። ይህ ከየትኛውም አቅጣጫ የሚረጭ ውኃ አይገባውም ማለት ነው። ከሻወሩ በላይ በቀጥታ ከሆነ ባለ 12 ቮልቱን ወይም ሞተሩ ከክፍሉ ውጭ የሚሆነውን ኢንላይን እንመክራለን። ባለ 12 ቮልቱ ትራንስፎርመር ከሻወር ቤቱ ውጭ ይቀመጣል። በየትኛውም ሁኔታ መስመሩ ባለ 30 ሚሊ አምፔር የሊኬጅ ብሬከር፣ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ መስመሩን የሚቆርጥ፣ ይኑረው። ሁለት ካሬ አንዱ በአንዱ ውስጥ የተሳለበት ፋን ኧርዝ አያስፈልገውም፤ ምልክቱ ከሌለው ግን ኧርዙ መያያዝ አለበት።

ደረጃ 9፦ መውጫውንና ነፋሱን ያገናዝቡ

አዳማ ነፋሻማ ናት፤ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለባት ከተማ ናትና ነዋሪው ራሱ ያውቀዋል። በሰከንድ 8 ሜትር የሚጓዝ ነፋስ የግድግዳ መውጫን ፊት ለፊት ሲመታ ወደ 30 ፓስካል ይገፋል፣ 10 ሜትር ሲሆን ወደ 50። ተራውን አክሲያል ፋን ወደ ኋላ ለመመለስ ይህ ይበቃል። አቧራው በቱቦው ገብቶ ሻወር ቤቱ ላይ የሚራገፈውም በዚያው መንገድ ነው።

መውጫው ነፋሱ በሚመጣበት ግድግዳ ላይ ከሆነ በቅድሚያ ወደ ሌላው ጎን ማዛወር ይቻል እንደሆነ ይመልከቱ። ካልተቻለ አፉ ወደ ታች የዞረ ኮፍያ ይግጠሙ፣ በስሌቱም ላይ 30 ፓስካል ይጨምሩ። በክዳን ረገድ አንድ ብቻ በቂ ነው። ፋኑ ላይ አንድ፣ ቱቦው መሃል አንድ፣ መውጫው ላይ አንድ የተገጠመ እንደሆነ ሦስቱም ተቃውሞ ይጨምራሉ። በነፋስ ቀጭኑ የፕላስቲክ ክዳን ሌሊቱን ሁሉ ይንኳኳል፤ ሞላ (ስፕሪንግ) ያለው የመሃል ክዳን ይሻላል፣ ግን ቀስቱ አየሩ ወደሚሄድበት እንዲያመለክት አድርገው ይግጠሙት። ለቆመ ቱቦ የሚሆነውና ለተኛ ቱቦ የሚሆነው ክዳን ይለያያልና ሲገዙ ይንገሩ።

ደረጃ 10፦ አሮጌው ቦታ ላይ መግባቱን ያረጋግጡ

አራት ልክ ይጻፉ፦ የቀዳዳው ስፋት፣ የቱቦው የውስጥ ስፋት፣ ፋኑ ወደ ውስጥ የሚገባበት ጥልቀት፣ የሽፋኑ ጎንና ቁመት። አዲሱ ሽፋን ከአሮጌው ካነሰ የሴራሚኩ ስንጥቅ ይታያል። የ4 ኢንች ፋን አንገት ውጩ 98 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የ110 ፒቪሲ ውስጡ ደግሞ እንደ ውፍረቱ ከ103 እስከ 106። ክፍተቱን የስፖንጅ ማሸጊያ ጠቅልለው ይሙሉት፣ አለበለዚያ አየሩ በዚያ ይመለሳል።

ደረጃ 11፦ ይግጠሙ

1. ብሬከሩን ያውርዱ፣ በቴስተር ያረጋግጡ፣ የአሮጌውን አያያዝ ፎቶ ያንሱ።
2. የቱቦውን ዝንባሌ ያስተካክሉ። የተኛው ክፍል በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ ይዘቅዝቅ። በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ብርድ እንፋሎቱ ቱቦው ውስጥ ውኃ ይሆናል፤ ዝንባሌው ወደ ውስጥ ከሆነ ውኃው ሞተሩ ላይ ይወርዳል። ቱቦው ወደ ጣሪያ የሚቆም ከሆነ ከሥሩ ውኃ ማጠራቀሚያ ይኑር።
3. ኢንላይኑን ወደ መውጫው አስጠግተው ይስቀሉ፣ ከፋኑ በፊት 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ቀጥ ያለ ቱቦ ይተዉ። ከፋኑ በኋላ ያለው ቱቦ ስለሚነፋ ስንጥቅ ካለው እንፋሎቱን ኮርኒስ ላይ ያፈሰዋል፤ አጭር ሲሆን ስጋቱ ይቀንሳል። ከእንጨቱ ጋር ሲያሥሩት ጎማ መሃል ያስገቡ፣ ንዝረቱ ወደ ቤቱ እንዳይሄድ።
4. እያንዳንዱን መጋጠሚያ በአሉሚኒየም ፕላስተር ያሽጉ። ናስትሮ በሙቀት ይላቀቃል።
5. ሽቦውን እንደ ፋኑ ሥዕል ያያይዙ፦ ኤል ላይ ሁልጊዜ ኃይል ያለው ፌዝ፣ ኤን ላይ ኒውትራል፣ ለታይመሩ በተለየው ቦታ ላይ ከማብሪያው የመጣው ፌዝ። ቦታ መለዋወጥ ታይመሩን ያበላሻል።
6. ብሎኑን ከልክ በላይ አያጥብቁ። የፕላስቲኩ ቤት ሲጣመም ክንፉ ይነካካል፣ ፋኑም ከመጀመሪያው ቀን ይጮሃል።

ደረጃ 12፦ በላስቲክ ይለኩ

ባዶውን 100 ሊትር ላስቲክ ጨምቀው አየሩን ያውጡ፣ አፉን መውጫው ዙሪያ አጥብቀው ይያዙ፣ ሌላ ሰው ፋኑን ያብራ። እስኪሞላ ድረስ ያለውን ሰከንድ ይቁጠሩ። 360ን ለሰከንዱ ያካፍሉ፤ ውጤቱ በሰዓት የሚወጣው ሜትር ኩብ ነው። በ4 ሰከንድ ከሞላ 90፣ በ6 ከሞላ 60። የሻወር ቤቱ በር ተዘግቶ ይሁን፤ የሚኖሩት እንደዚያ ነውና። ሦስት ጊዜ ለክተው አማካዩን ይውሰዱ።

ውጤቱ ከደረጃ 3 ስሌት በጣም ካነሰ በሩን ከፍተው እንደገና ይለኩ። ያኔ ከጨመረ የበሩ ሥር ይከፈት። ካልጨመረ በመጋጠሚያዎቹ ላይ እጅዎን ያስጠጉና አየር የሚያፈስ ካለ ይፈልጉ፣ ክዳኑም ሙሉ በሙሉ መከፈቱን ይዩ፤ ሲልከን ሲቀባ ክዳኑ የሚጣበቅበት ጊዜ ብዙ ነው።

ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

- 110 ቱቦን በ75 አጥብቦ መቀጠል። ስፋቱ ሲጠብ ተቃውሞው ወደ ሰባት እጥፍ ይደርሳል። ጨርሶ አያድርጉት።
- ተጣጣፊ ቱቦ «ወደፊት ይጠቅማል» ተብሎ ሳይቆረጥ ኮርኒስ ላይ ተጠቅልሎ መተው። ውኃ የሚያጠራቅም ሆድም ይሠራል።
- የሁለት ሻወር ቤት ፋን በአንድ ቱቦ ማገናኘት፣ መሃላቸው ክዳን ሳይኖር። የአንዱ እንፋሎት ወደ ሌላው ይሄዳል።
- ፋኑን ከበሩ በላይ መግጠም። ከበሩ ሥር የገባው ንጹሕ አየር ወዲያው ይሳባል፣ ሻወሩ ጋ ያለው እንፋሎት ባለበት ይቀራል። ቦታው ከበሩ ርቆ ከሻወሩ አጠገብ፣ ከፍ ብሎ ነው።
- ፋኑ እየሠራ መስኮቱን አጠገቡ መክፈት። አየሩ ከመስኮቱ ወደ ፋኑ አጭሩን መንገድ ይይዛል። ወይ መስኮቱን፣ ወይ ፋኑን።

ወንፊቱንና ክንፉን በበጋ በየሁለት ወሩ፣ በክረምት በየሦስት ወሩ ያጽዱ። በየጽዳቱ የሶፍቱን ፈተና ይድገሙ፤ ሶፍቱ መጣበቁን ካቆመ መጀመሪያ የሚታየው የውጭው መውጫ ነው፣ ወፎች ጎጆ የሚሠሩበት ቦታ ነውና።